ለብቻዋ የምትበላው ልጅ

ንባብ የሰውን ልብ ያለሰልሳል ይባላል። አያለሰልስም። በሕይወቴ ካየኋቸው ልበ ደረቆች የሚበዙት ቤታቸው በመጽሐፍ የታጨቀ ነው፤ አንዱን እንዲያውም ጢሜን ስላጭ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ። ብዙ ማንበብ ለሰው የሚሰጠው ነገር ቢኖር ያልጠየቀውን ነገር እንዳወቀ የመቁጠር ድፍረት ነው። ይህን የምለው መጽሐፍ ጠልቼ አይምሰላችሁ። አንድ ሐሙስ ቀን ንባቤ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከቤቷ ነቅሎ ወደማታውቀው ከተማ ሊልካት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ቀርተውት ስለነበረ ነው።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቆቦ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ መጣጥፍ እጽፋለሁ፤ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መቃወም ስለምወድ አንባቢዎቼ ጥቂት፣ ተሳዳቢዎቼ ብዙ ናቸው። ሲስተር አልማዝ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመችኝና «ወረቀት ላይ ከምትጮህ ለአንድ ልጅ ለምን አትጮህም?» ብላ በበጎ ፈቃደኝነት መዘገበችኝ። ሥራው ችግር ላይ ናቸው የተባሉ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ያዩትን መጻፍ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ስለ ልጁ ቆሞ መናገር ነው። ክፍያ የለውም። ምስጋናም የለውም።

ሲስተር አልማዝ አምስታችንን ሰብስባ የንባብ ክበብ አቋቋመች። በየሐሙሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ወደ ሥራው ከመበተኑ በፊት፣ በእሷ ቤት በረንዳ ላይ እየተገናኘን ስለ ልጆች የተጻፈ መጽሐፍ እናነባለን። የምናገኘው መጽሐፍ ሁልጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ደንባችን አንድ ነበር፤ ማንኛውም ሰሚ በማንኛውም ቦታ «ቁም!» ማለት ይችላል። የተባለው ሰው ይቆማል፣ ሰሚው ጥያቄውን ይጠይቃል። ሲስተር አልማዝ ይህን ያመጣችው ጆሯችን እንዲሠለጥን ነው።

ይህን ደንብ አምርሬ እጠላው ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ዘሃራ ናት። ዘሃራ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት፤ ማንበብ አትችልም። ማንበብ የማይችል ሰው የንባብ ክበብ አባል መሆኑ በራሱ ይገርመኝ ነበር። ያም አልበቃ ብሎ ክበቡ ውስጥ እንደ እሷ «ቁም!» የሚል ሰው የለም። ጥያቄዋም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ይሄን ያየው ማነው?» ትላለች። ደራሲው ስለ አንድ ሰው ክፋት ሁለት ገጽ ሙሉ ሲራቀቅ እኔ በቃላቱ ውበት ልቤ ይቀልጣል፤ እሷ እጇን አንሥታ «ቁም! አየ ወይስ ጠረጠረ?» ትላለች። ከጥሩ ምግብ መሃል ጠጠር እንደ መንከስ ነበር።

ያን ሐሙስ ሲስተር አልማዝ መጽሐፉን ዘጋችና «ዛሬ ሌላ ነገር እናንብብ። የመምህር ሪፖርት ይነበብ። ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች ምሳሌ ይሆናል» አለች።

ደስታዬን ለመደበቅ መነጽሬን ጠረግሁ። ሪፖርቱ ከሮቢት ከተማ ወጣ ብላ የምትኖር፣ ሰላም ይመር ስለምትባል ልጅ ነው። እናቷ ሞታለች። አባቷ ዓረብ አገር ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፣ ድምፁም ጠፍቷል። ያለችው ታደለች ከምትባል የእንጀራ እናቷና ታደለች ከፊተኛ ባሏ ከወለደቻቸው ሁለት ልጆች ጋር ነው። ስሙን ያልተናገረ ሰው «ልጅቷ እየተበደለች ነው» ብሎ ስለጠቆመ እንዳጣራ እኔ ተላክሁ። አጣራሁ። ልጅቷ ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ከተማ ወዳለ የልጆች ማሳደጊያ እንድትገባ ሐሳብ አቀረብሁ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የሚያየው በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

ድምፄን አስተካክዬ አነበብሁ።

«የሄድኩት በመስቀል ማግሥት፣ ለምሳ ሰዓት ነው። የእንጀራ እናቷና ሁለቱ ልጆቿ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው የበሬ ሥጋ ይበላሉ። ሰላም ግን ከምሰሶው ሥር ለብቻዋ ተቀምጣ፣ ጠርዙ በተላጠ ሰማያዊ ሳህን የምስር ወጥ ትበላለች። ‹ለምን ከእነሱ ጋር አትበይም?› ብዬ ስጠይቃት ‹የኔ ይሄ ነው› አለችኝ። በድምፅዋ ውስጥ የኖረ በደል የሚፈጥረው መገዛት ነበር...»

«ቁም!» አለች ዘሃራ።

ቆምሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

«መገዛቱን በዓይንህ አየኸው?»

«በድምፅዋ ይሰማል ዘሃራ።»

«ድምፅ ሰማህ። መገዛቱን አንተ ነህ የጨመርክበት። እሱ ይቅር። እናቷ ማን ትባላለች?»

«ሞታለች።»

«የሞተች ሴት ስም የላትም?»

ወረቀቱን አገላበጥሁ። የሟች እናት ስም የለም። ስለ ሳህኑ ጠርዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ያባከንሁ ሰውዬ፣ ልጅቷን የወለደችውን ሴት ስም አልጠየቅሁም።

«በመስቀል ማግሥት የበሬ ሥጋ» አለች ዘሃራ፣ ለራሷ የምታወራ ያህል። «ቅርጫ ነዋ። የክርስቲያን ቅርጫ። መምህር፣ ልጅቷ እስላም ብትሆንስ?»

«ኧረ ቤቱ የክርስቲያን ነው! የሴትዮዋ ግንባር ላይ መስቀል ተነቅሷል።»

«ግንባሩ የሷ ነው። እኔ የጠየቅኩህ የልጅቷን ሆድ ነው።»

ሲስተር አልማዝ ቀስ ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከወሎ ውጭ ላደገ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሙስሊምና ክርስቲያን ይጋባል፣ ይዛመዳል፣ ለቅሶና ሠርጉ አንድ ነው። ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ወዳጅ ያለው ቤት ሁሉ ለዚያ ወዳጁ ሥጋ ያልነካው ዕቃ ለብቻ ያስቀምጣል። ዕቃ መለየት እኛ አገር የአክብሮት ምልክት ነው። እናቴ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብቻ የምታወጣው ድስት ነበራት፤ በልጅነቴ ለጨዋታ ብዬ ሳወርደው በጥፊ ብላኛለች። ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ግን የእንጀራ እናት፣ ምሰሶ ሥር የተቀመጠች ልጅና የተላጠ ሳህን በአንድ ላይ ሳይ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያነበብኋቸው ልቦለዶች ሁሉ ተሰብስበው ከእናቴ ጥፊ በለጡ።

«ወሎ ተወልደህ!» አለች ዘሃራ እየተነሣች። «ወላሂ፣ ሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ሮቢት ነዋ! ስምንት ሰዓት እስኪሆን እዚህ ቁጭ ብለህ ልታነብልኝ ነው?»

ባጃጅ ተኮናትረን ወጣን። መንገዱ ላይ ዘሃራ ከሹፌሩ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ታወራለች። እኔ ያን ጊዜ ያሰብሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ለእናንተ ልናገር። ልክ ሆኜ እንድገኝ ተመኘሁ። ልጅቷ በእውነት የተበደለች ሆና እንድትገኝ፣ ሴትዮዋ በእውነት ክፉ እንድትሆን ፈለግሁ፤ ሪፖርቴ እንዳይበላሽብኝ። ከአንዲት ልጅ ደኅንነት ይልቅ ለስድስት ገጽ ጽሑፍ የሚሳሳ ሰው መሆኔን ያወቅሁት በዚያ ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ነው።

የታደለች ቤት በሩ ተዘግቷል። ጎረቤት ያለች ሴት «ታደለች ገና በጠዋት ወደ ቆቦ ወርዳለች። ሰላም ማሽላ ጥበቃ ላይ ናት፤ ትምህርቷ ከሰዓት ነው» አለችን። በእግራችን ወደ እርሻው ገባን። ማሽላው ከእኛ ቁመት በላይ ነው፤ ከየማሳው የጅራፍ ድምፅ ይጮኻል፣ ወፍ እንደ ደመና ይነሣና ራቅ ብሎ መልሶ ያርፋል። ከእንጨት በተሠራች አንዲት ማማ ላይ ሰላምን አየኋት። እሷም አየችኝ። ወዲያው ቁጭ ብላ ጠፋች።

«ሰላም!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም።

ዘሃራ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ ወደ ማማው ሥር ቀረበች። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ የኔ ልጅ!»

ጥቂት ቆይቶ ከላይ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ወዐለይኩሙ ሰላም።»

ዘሃራ ዞር ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ውረጂ የኔ ልጅ፤ አብሽሪ!»

«ሰውዬው ሊወስደኝ ነው የመጣው።»

«እሱማ ማንንም አይወስድም። እኔ የመጣሁት አንቺ ፊት ልሰድበው ነው። ወርደሽ ካልሰማሽ ይቀርብሻል!»

ሰላም በማማው ጠርዝ አንገቷን አወጣች። ከዚያ በፊት ፈገግ ስትል አላየኋትም፤ አሁንም ፈገግታዋ ለኔ አልነበረም። ወረደች። ዘሃራ መሬት ላይ ተቀምጣ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እናትሽ ማን ትባል ነበር?»

«ፋጡማ።»

«አላህ ይዘንላት። ታደለችስ ትመታሻለች?»

ልጅቷ አሰብ አደረገች። «ከትናንት ወዲያ እራት ላይ መታችኝ።»

ልቤ ዘለለ። ከዚህ ላይ ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ ለሪፖርቴ አንድ አንቀጽ አገኝ ነበር። ዘሃራ ግን አልተነሣችም።

«ምን አድርገሽ መታችሽ?»

«ቋንጣውን ልበላ ስል። የቅርጫውን ቋንጣ ፍርፍር እነሱ ሲበሉ ሄጄ ከገበታቸው ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ያነበቡልን ሰዎች ለብቻዬ ስለምበላ ነው የሚወስዱኝ ብለው ነግረውናል። አብሬ ከበላሁ አይወስዱኝም ብዬ አንሥቼ ልጎርስ ስል እጄን መታችውና ፍርፍሩ ወደቀ። ‹ሥጋሽን ከቀየርሽ አንቺ አንቺ አይደለሽም፤ አባትሽ በእናትሽ መንገድ አሳድጊልኝ ብሎ ነው የሄደው› አለችኝ። ከዚያ እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ልጆቹም ዝም ብለው አለቀሱ።»

ማሽላው መሃል ቆሜ ነበር። ወፎቹ ከማማው ባዶ መሆን ተጠቅመው በሙሉ ልብ እየበሉ ነው። አንዲት ልጅ ከቤቷ ላለመነጠል ሃይማኖቷን በአንድ ጉርሻ ልትሰጥ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ያ እጅ የተዘረጋው እኔ በጻፍኋት አንዲት አንቀጽ ምክንያት ነው። «መገዛት» ብዬ የጻፍሁት ቃል ትዝ አለኝና አፈርሁ።

«ታደለች ቆቦ ለምን ሄደች?» አልኋት።

ሰላም ወደ ዘሃራ እያየች መለሰች። «ልትፈርም። እሽ ብላ ልትሰጠኝ።»

ዘሃራ ብድግ አለች። «ያ አላህ! ስንት ሰዓት ነው?»

አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ባጃጁ ሌላ ሰው ጭኖ ሄዷል። አስፋልቱ ዳር ቆመን እጃችንን እናወዛውዛለን፤ ሚኒባሶቹ ሞልተው ያልፋሉ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመልን።

«ጋቢናው ለሁለት ነው፤ ሦስተኛው ከሽንኩርቱ ጋር ይሄዳል» አለ ሹፌሩ። «ካለቀሰ ግን የኔ ጥፋት አይደለም።»

«እሱ ይውጣ፤ ማልቀስ ይገባዋል» አለች ዘሃራ ወደ እኔ እየጠቆመች።

ሰላም ግን ጆንያው ላይ መውጣት ፈለገች፤ በመኪና ጀርባ ሄዳ አታውቅም። ዘሃራ ጋቢና ገባች፣ እኔና ልጅቷ ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ ሻሿን ያውለበልበዋል። ትንሽ እንደ ሄድን ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አንቱ ነዎት የጻፉት?»

«አዎ እኔ ነኝ።»

«አሁንስ ምን ይጽፋሉ?»

«ተሳስቻለሁ ብዬ።»

«ይሄ ብቻ?»

«ይሄ ብቻ።»

«አጭር ነው» አለች። ያሳሰባት ይመስላል። «የፊተኛው ረጅም ነበር አሉ።»

ፍርድ ቤቱ ግቢ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ታደለች ከችሎቱ በር አጠገብ ግንብ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሰላም ሮጣ ጭኗ ላይ ወደቀች። ያኔ የሴትዮዋን ቀኝ አውራ ጣት አየሁ። ሰማያዊ ነው። የፊርማ ቀለም።

«ፈረምሽ?» አለቻት ዘሃራ።

«ፈረምኩ እትዬ። ጠዋት።»

የእንጀራ እናቲቱ በፈቃዷ ፈርማለች፣ በጎ ፈቃደኛው ልጅቷ ትውጣ ብሏል፤ የሚቃወም ሰው በሌለበት ጉዳይ ዳኛ ምን ያደርጋል? ተጠርተን ገባን።

ዳኛዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ለታደለች አሳየቻት።

«ይህ አሻራ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው ክብርት ዳኛ።»

«ሪፖርቱ ተነቦልሻል?»

«ተነቦልኛል።»

«የተጻፈው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ለብቻዋ ትበላለች። ልጆቼ ሥጋ ሲበሉ እሷ ምስር ትበላለች። አልዋሽም።»

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሳይፈቀድልኝ ተነሣሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«የትኛው ላይ? ሴትዮዋ ሁሉም እውነት ነው ትላለች።»

«ያየሁት እውነት ነው። የጻፍኩት ግን ያየሁትን አይደለም።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወረደች። «ያብራሩ። በአጭሩ።»

በሕይወቴ እንደዚያ በአጭሩ ተናግሬ አላውቅም። ልጅቷ ሙስሊም መሆኗን፣ ሥጋው የክርስቲያን መሆኑን፣ ይህን አለመጠየቄን ተናገርሁ። ስለ ቋንጣው እራትም ተናገርሁ። ሲያልቅ ዳኛዋ ወደ ታደለች ዞረች።

«እና ይህን ስታውቂ ለምን ፈረምሽ?»

ታደለች ነጠላዋን ጨበጠች። «እዚያ የሚያሳድጉ ሰዎች የእስላም ልጆችም አሏቸው፣ ለእነሱም ሥጋ ይታረድላቸዋል አሉኝ። እኔ ዘንድ ሥጋ የምታገኘው ጎረቤታችን ጋሽ አሊ ዶሮ ሲያርዱላት ብቻ ነው። እሳቸውም ከታመሙ ቆይተዋል። ደግሞ መምህሩ የተማሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱ ሲነበብልኝ አንጀቴ ተላወሰ። እንዲህ ከተጎዳች እኔ ሳላውቅ በድያት ይሆናል ብዬ ነው።»

አንድ ሰው የራሱን ጥሩነት እንዲጠራጠር ያደረገው የእኔ አማርኛ ነው። ስለ ጽሑፍ ኃይል ከዚህ የከፋ ምስጋና የሚደርሰው ደራሲ ያለ አይመስለኝም።

ዳኛዋ ሰላምን ወደ ፊት ጠራቻት። «የት መኖር ትፈልጊያለሽ?»

«እዚያው።»

«ለምን?»

ልጅቷ ጥያቄው የገባት አልመሰለም። «ቤታችን ነዋ» አለች።

ዳኛዋ አንገቷን ደፍታ ረጅም ሰዓት የመሰለ ጊዜ ጻፈች። ከዚያ አነበበች፤ የታደለች ፈቃድ በተሳሳተ መረጃ የተሰጠ በመሆኑ ውድቅ ሆኗል፣ ልጅቷ ባለችበት ትቆያለች፣ ለስድስት ወር ክትትል ይደረግ። «ክትትሉን እርስዎ አይዙም» አለችኝ። «ጥሩ ነው የሚጽፉት፤ ችግሩም እሱ ነው። እርስዎ ወይዘሮ፣ እርስዎ ይይዙታል?»

«እኔ መጻፍ አልችልም ክብርት ዳኛ» አለች ዘሃራ።

«እየመጡ ይነግሩናል። ጸሐፊ አለን።»

ከችሎቱ እንደወጣን ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ነው፤ አየሩ ራሱ የሚጣፍጥ መሰለኝ። ምስጋናው ለማን እንደሆነ ባላውቅም «ተመስገን፣ ተመስገን» እላለሁ። ታደለች ግን ለመደሰት ጊዜ አልነበራትም። አሁን ገና ነቅታ ሰላምን በሁለት ትከሻዋ ያዘቻት።

«ቆይ፣ አንቺ! ማማውን ለማን ጥለሽ መጣሽ?»

ሰላም ወደ ዘሃራ አየች። ዘሃራ ወደ እኔ አየች።

«ለማንም» አለች ልጅቷ።

«ወይኔ! ወፉ ጨረሰው በሉኛ! ከጠዋት ጀምሮ?»

ዘሃራ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን መሃሉ ላይ ወደ ለቅሶ ዞሮብኝ ፊቴን አዙሬ በመሐረብ ጠረግሁት። «ሽንኩርቱ ነው» አልሁ። ማንም አላመነኝም። ታደለች ወደ እኔ ቀረብ ብላ «ይቅርታ አይጠይቁኝ መምህር። ለልጅቷ ብለው ነው። እኔም እኮ የተነበበውን ስሰማ ያቺን ክፉ ሴት ጠልቻት ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጽሑፉ ውስጥ ያለችው ክፉ ሴት እሷ ራሷ እንደሆነች ለመረዳት ጊዜ ወስዶባታል፤ ምክንያቱም ያቺን ሴት የፈጠርኋት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ሐሙስ ክበቡ ውስጥ የማነበው እኔ አልነበርኩም። ሰሚ ሆንሁ። እስከ ዛሬም ሰሚ ነኝ። ሪፖርቶቼ አሁን አጭርና ደረቅ ናቸው፤ «አየሁ» እና «ነገሩኝ» የሚሉ ግሦች ይበዙባቸዋል፣ «አላውቅም» የሚለውም እንደዚያው። ሲስተር አልማዝ ስታነባቸው ታዛጋለች። እንድታዛጋ ነው የምጽፋቸው። መጣጥፍ መጻፉን አልተውሁም፣ ይኸው እያነበባችሁት ነው። ነገር ግን አንዲት ልጅ የምትተኛበትን ጣራ የሚወስን ወረቀት ላይ ውበት አልፈልግም። አንዳንድ ወዳጆቼ «ስለዚህ ክበቡ ጠቀመ፣ ንባብ ልጅቷን አዳነ ማለት ነው» ይሉኛል። ተሳስተዋል። ልጅቷን ያዳናት ንባቡ ሳይሆን ያስቆመው ጥያቄ ነው። ባልቆም ኖሮ ስድስቱን ገጽ እስከ መጨረሻው አነብ ነበር፤ ይጨበጨብልኝም ነበር። በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ሻሿን አስራ ወደማታውቀው አገር የሚሄድ መኪና ላይ ትወጣ ነበር።

አሁን ከእናንተ የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። በየወረዳው አንድ ሰው ሄዶ እንዲያያቸው የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ የሚሄደው ሰው ግን ጥቂት ነው። ካለው ጥቂት ሰው ደግሞ የሚበዛው እንደ እኔ ያለ ነው፤ ይህ ደግሞ ሊያሳስባችሁ ይገባል። የተማረ ሰው ይሻላል ብላችሁ ለሌላ አትተዉት። ወረቀቱን አስቀምጡና፣ ነገ ጠዋት በአካባቢያችሁ የልጆችን ጉዳይ ወደሚያየው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝገቡ።